ዶክተር መላኩ በያንና የሀርለም ባለርስቶች

ስለ አሜሪካ ጥቁሮች የመብት ትግል ወሬ ሲነሳ ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጡልን ስሞች የታወቁ ናቸው። ማርቲን ሉተር ኪንግ አለ፣ ማልኮም ኤክስ አለ፣ የአውቶቡስ መቀመጫዋን አልለቅም ያለችው ሮዛ ፓርክስ አለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ስር ታፍኖ ከሞተ በኋላ የተነሳውን ሰልፍም ከአዲስ አበባ ሆነን በስልካችን ተከታትለነዋል። አዘንን፣ ተቆጣን፣ ከዚያም ወደየጉዳያችን ተመለስን። ነገሩ የሌላ ሰው ቤት ጣጣ ሆኖ ነው የሚታየን።

ይሁንና ኪንግ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ሀርለም በተባለው የጥቁሮች ሰፈር ሕዝብ ሲያደራጁ፣ ጋዜጣ ሲያሳትሙ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ መዋጮ ሲሰበስቡ ቆይተው እዚያው ሕይወታቸው ያለፈ አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበሩ። ዶክተር መላኩ በያን ይባላሉ። በተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ስማቸውን የጠራልኝ አስተማሪ አልነበረም። ሕግ ስናጠና የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የዘር መድልዎን የሻሩባቸውን ውሳኔዎች እስኪሰለቸን ድረስ አንብበናል። የኛ ሰው በዚያ ትግል ውስጥ እጁ እንዳለበት ግን የተነገረን ነገር የለም።

መላኩ በያን የተወለዱት በሚያዝያ ወር 1892 ዓ.ም. በወሎ ነው። አባታቸው ግራዝማች በያን፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ይባላሉ። ያደጉት ግን ሐረር፣ በራስ መኮንን ግቢ ነው። በዚያ ግቢ ማደግ ምን ማለት እንደነበር ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኮንን ውጭ አገር ልከው ለማስተማር ካጯቸው ወጣቶች መካከል አንዱ ሆኑ። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1921 ወደ ህንድ ተላኩ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። አብረዋቸው የሄዱት ወርቁ ጎበናና የቡልጋው በሻህውረድ ሀብተወልድ ናቸው። በሻህውረድ ተምረው ተመልሰው አገራቸውን ሲያገለግሉ ቆዩ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ጣሊያን የተማሩ ኢትዮጵያውያንን እየለቀመ ሲፈጅ እሳቸውንም ገደላቸው። ይህን ያነሳሁት መላኩም ያን ጊዜ አዲስ አበባ ቢገኙ ኖሮ ዕጣቸው ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ለማሳየት ነው።

አሜሪካ ለምን ተመረጠች ለሚለው መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። እንግሊዝም፣ ፈረንሳይም፣ ጣሊያንም ድንበራችን ላይ ተቀምጠው የሚጠባበቁ ጎረቤቶች ነበሩ። አሜሪካ ሩቅ ናት፣ ሀብታም ናት፣ በአፍሪካ ምድር ቅኝ ግዛት የላትም። ደግሞም በ1911 ዓ.ም. ደጃዝማች ናደው የመሩት፣ ብላታ ኅሩይና ከንቲባ ገብሩ ያሉበት መልእክተኛ ቡድን አሜሪካን ጎብኝቶ ተመልሷል። ያ ቡድን በመንግሥት በክብር ተቀብሎ ሳለ ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የታወቀ ክለብ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት አላስተናግድም ብሏቸዋል። የአሜሪካ መንግሥት ልዑል ብሎ የተቀበለውን እንግዳ የአሜሪካ ምግብ ቤት ጥቁር ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ወጣቱ መላኩ የገቡት እንዲህ ወዳለው አገር ነው።

መጀመሪያ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ነጮች በሚበዙባቸው ኮሌጆች ተማሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የኛ ደጋ ሰው ስለ መልክ ሲያወራ ሰውን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ ይከፍላል። እኔ ባደግሁበት መሐል ሜዳ አንድ እናት የወለዷቸው ሦስት ልጆች በሦስት ቀለም ሲጠሩ ሰምቻለሁ። ጥቁር ማለት ከወንድምህ ትንሽ የጠቆርክ ማለት ነው እንጂ የሕዝብ ስም አልነበረም። ከዚያ አልፎም፣ ማፈር የሚገባን ቢሆንም፣ ቃሉ ከባሪያነት ጋር ይያያዝ ነበር፤ መኳንንቱም ራሳቸውን በዚህ ስም መጥራት በፍጹም አይታሰባቸውም። የግራዝማች ልጅ የሆኑት መላኩ ኦሃዮ ሲደርሱ ታዲያ በባቡሩም፣ በምግብ ቤቱም፣ በመንገዱም የተሰጣቸው ስም አንድ ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን እንዲህ የገጠማቸው ሌሎች የአፍሪካና የእስያ ተማሪዎች ማምለጫ ነበራቸው። ጥምጥም ጠምጥሞ ወይም የአገሩን ልብስ ለብሶ የውጭ ዜጋ መሆኑን ያስመሰከረ ሰው የአሜሪካው ጥቁር የማይገባበት ቦታ የሚገባበት አጋጣሚ ነበር። መላኩም ይህን ማድረግ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ሕክምና ለማጥናት ሲነሱ ዋሽንግተን ወደሚገኘው የጥቁሮች ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ከአሜሪካ ጥቁሮች ጋር አንድ ማዕድ ለመቁረስ ወስነው የገቡበት ውሳኔ ነበር። ለእኔ የሕይወታቸው ዋናው መታጠፊያ ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚህ ተከታይ ነው።

ሀዋርድ ሲደርሱ ኢትዮጵያን የሚያውቃት ሰው እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ እንዲያውም ከጠበቁት በላይ ትታወቅ ነበር። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ኢትዮጵያን የሚያነሳው ቃል ከባርነት ዘመን ጀምሮ በጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ሲሰበክ ኖሯል። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1808 የተመሠረተው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን አቢሲኒያን ባፕቲስት ተብሎ ተሰይሟል። የአድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. ሲሰማ ደግሞ ቃሉ ሥጋ የለበሰ መሰላቸው። ጃማይካዊው ማርከስ ጋርቬይ ያቋቋመው ታላቅ ማኅበር መዝሙሩን ያዘጋጀው ኢትዮጵያን የአባቶች አገር አድርጎ ነው። ከመዝሙሩ ደራሲዎች አንዱ የሆነው አርኖልድ ፎርድ በ1923 ዓ.ም. ገደማ ጓዙን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ገባ፤ እዚሁም አረፈ። ባለቤቱ ሚኞን ፎርድ አዲስ አበባ ቀርተው የልዕልት ዘነበወርቅን ትምህርት ቤት የመሠረቱት ሴት ናቸው። ስንቶቻችን ልጆቻችንን እዚያ ስናስተምር ይህን ታሪክ አውቀን ነበር?

መላኩ ሀዋርድ ውስጥ ወዳጅ ያደረጓቸው ፕሮፌሰር ሊዮ ሀንስቤሪ ናቸው። የአፍሪካ ጥንታዊ ታሪክ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዲሰጥ ለማድረግ ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1934 ከመላኩና ከሌሎች ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ጥናት ምክር ቤትን አቋቋሙ። በዚያው ዘመን የመላኩ የግል ሕይወትም መልክ ለወጠ። አገር ቤት ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ልጅ ጋር ተጫጭተው ነበር። ያንን አፍርሰው እ.ኤ.አ. በ1931 ዶሮቲ ሀድሊ የተባለች አሜሪካዊት ጥቁር አገቡ። የያኔውን የአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አካባቢ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም። የባሪያ ዘር አገባ የሚል ሐሜት ሊነሳባቸው እንደሚችል አጥተውት አይመስለኝም። ዶሮቲ ግን ለኢትዮጵያ ከባሏ ያላነሰ የደከመች ሴት ሆነች።

ሌላው ሥራቸው ባለሙያ መመልመል ነበር። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አብራሪ፣ መምህር የሆኑ ጥቁሮች ወደ ኢትዮጵያ ሄደው እንዲያገለግሉ አግባቡ። ከተገኙት ሁሉ ስመ ጥሩው የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ናቸው፤ ጥሪው እንዲደርሳቸው ካደረጉት ሰዎች አንዱ መላኩ ናቸው። በ1927 ዓ.ም. መጥተው በጦርነቱ የኢትዮጵያን አየር ኃይል መሩ፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሰው አብራሪዎቻችንን አሠለጠኑ፤ በ1946 ዓ.ም. በደረሰባቸው የአውሮፕላን አደጋ አርፈው አዲስ አበባ ተቀበሩ። (ከእሳቸው በፊት የመጣው ሁበርት ጁሊያን ግን ለዘውዱ በዓል ሰሞን የንጉሡን አውሮፕላን ከስክሶ የተባረረ ጉረኛ ነበር። ከአንድ እርሻ ስንዴም እንክርዳድም ይታጨዳል።)

የወልወል ግጭት ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲፈነዳና ሙሶሊኒ ጦር ማጋዝ ሲጀምር አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ዛሬ ስናነበው እንገረማለን። ሀርለም ውስጥ በሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ ለኢትዮጵያ ሰልፍ ወጣ። የጣሊያን ሱቆች ላይ የግዢ አድማ ተመታ። በሰኔ ወር ጥቁሩ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ግዙፍ ፕሪሞ ካርኔራን ሲዘርረው ሀርለም አድዋ ዳግመኛ የተደገመ ያህል ጨፈረ። ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ የራሱን ዘጋቢ ጦር ሜዳ ድረስ ላከ። ዱ ቦይስ የመሰሉ ምሁራን በታላላቅ መጽሔቶች ጻፉ። በዘማችነት እንሂድ ብለው የተመዘገቡት ወጣቶች ቁጥር ብዙ ነበር።

ሊዘምቱ ግን አልቻሉም፤ ምክንያቱ ደግሞ ሕግ ነው። በአሜሪካ ምድር ላይ ለውጭ መንግሥት ጦር መመዝገብን እ.ኤ.አ. የ1818ቱ ሕግ ይከለክላል። ለውጭ መንግሥት የታማኝነት ቃል የገባ ሰውም በ1907ቱ ሕግ መሠረት ዜግነቱን ያጣል። የሕግ ሰው ሆኜ ይህን ሳነብ ፈገግ ያሰኘኛል፤ የደቡብ ግዛቶች ጥቁር በዚያ ዜግነቱ መምረጥ እንኳ የማይችል፣ ያለ ፍርድ ቢሰቀል የሚጠይቅለት የሌለ ሰው ነበር። የተከለከለው ለኢትዮጵያ ሲል ያንን ዜግነት እንዳያጣ ነው! በነሐሴ 1927 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የገለልተኝነት ሕግ የሚባለው ወጣ። ሕጉ ለሁለቱም ተዋጊዎች የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ አገደ። በወረቀት ላይ ሲታይ እኩል ነው። መሣሪያ ራሷ የምትሠራው ጣሊያን ምንም አልጎደለባትም፤ ነዳጅ ዘይት ደግሞ በእገዳው ውስጥ አልነበረም። ሕግ በእኩልነት ስም አንዱን አስሮ ሌላውን ሲፈታ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ለመዝመት የተከለከሉት አንዳንዶቹ በኋላ የሙሶሊኒን ወታደር ስፔን ድረስ ሄደው ተዋግተውታል።

መላኩ በዚያ ዓመት ትምህርታቸውን ጨርሰው ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር አገራቸው ገብተዋል። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ ሲያክሙ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ሲያስተረጉሙ ቆዩ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ከአገር ሲወጡ እሳቸውም ተከትለው እንግሊዝ ገቡ። እዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቃቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ለንደን ሲደርሱ ሊቀበላቸው ከወጣው የጥቁሮች ቡድን ጋር ሳይነጋገሩ ማለፋቸው ማርከስ ጋርቬይን ክፉኛ አስቆጣው። ንጉሡ ጥቁርነታቸውን ንቀዋል፣ ነጮቹን አምነው ተበሉ እያለ በመጽሔቱ ይጽፍባቸው ጀመር። ቂሙን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ጥያቄው መልስ የሚሻ ጥያቄ ነበር። ሦስት የሀርለም ታዋቂ ሰዎች ባሕር ተሻግረው ንጉሡን አነጋገሩና ሕዝቡን የሚያስተባብር የራሳቸው ሰው እንዲልኩላቸው ለመኑ። የተላኩት መላኩ በያን ናቸው። መስከረም 1929 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ገቡ።

መላኩ ለጋርቬይ የሰጡት መልስ ሥራቸው ነው። በየአዳራሹና በየቤተ ክርስቲያኑ እየተገኙ ኢትዮጵያውያን ጥቁሮች መሆናቸውን፣ የኢትዮጵያ መወረር የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ጉዳይ መሆኑን አስረዱ። ቀድሞ የነበረው የዕርዳታ ኮሚቴ ግራ ዘመሞችና ሌሎች ሲጓተቱበት ተዳክሞ ነበር። እሳቸው እሱን ትተው ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ። ከባለቤታቸው ጋር የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር። ጋዜጣው የአርበኞቻችንን ወሬ ለአንባቢ ያደርሳል፤ ኔግሮ የሚለውን ቃል ጠልቶ ጥቁር የሚለውን ይመርጣል። ይህ ቃል በአሜሪካ አደባባይ የክብር ስም የሆነው ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደሆነ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። እ.ኤ.አ. በ1939 የጥቁሮች ጉዞ የሚል ትንሽ መጽሐፍም አሳተሙ። ማኅበሩ በአሜሪካና በካሪቢያን ደሴቶች ከሃያ በላይ ቅርንጫፎች ነበሩት።

አሁን ወደ መንዝ ልመለስ፤ ያለ ምክንያት አይደለም። መንዝ ተወልዶ የርስት ክርክር ሳይሰማ ያደገ ሰው የለም። አያቴ የዕድሜያቸውን እኩሌታ ያሳለፉት ከችሎት ችሎት ሲንከራተቱ ነው፤ ሕግ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የሰማሁትም ከእሳቸው አፍ ነው። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር መንዝ ተቀምጦ ያጠናን ሰው ነው፤ እሱም ይህን የርስት ነገር በመጽሐፉ አትቶታል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ባለርስትነት ስለኖርክበት ብቻ አይገኝም፤ ስለራቅህም አይጠፋም። ማማ፣ ላሎና ጌራ ከተባሉት አቅኚ አባቶች በአባትም ይሁን በእናት ወገን ቆጥሮ የደረሰ ሰው ድርሻውን ይጠይቃል። ቅድመ አያቱ ደቡብ ዘምቶ እዚያው ቢቀር፣ የልጅ ልጁ ባና ለብሶ አያውቅም፣ ውርጩን አይችልም አይባልም። ይቆጥራል፣ ያገር ሽማግሌ ይመሰክራል፣ ይገባል። አበው ርስት በሺህ ዓመቱም ለባለቤቱ ይመለሳል የሚሉት ይህንኑ ነው።

የሀርለም ሰዎች ያቀረቡት የርስት አቤቱታ ነበር ብዬ አምናለሁ። ችግሩ መቁጠር አለመቻላቸው ነው። መርከቡ ቆጠራውን ቆርጦታል፤ አብዛኞቹ ደግሞ አባቶቻቸው የተጋዙት ከምዕራብ አፍሪካ ነው። መንዝ ችሎት ቢቀርቡ ይረቱ ነበር። እኛም የረታናቸው በዚህ ነው፤ እናንተ ኢትዮጵያውያን አይደላችሁም፣ ምን አገናኘን የሚል ሰው ያኔም ነበር፣ ዛሬም አለ። ነገር ግን አያቴ የሚሉት ሌላም ነገር ነበር። ርስት ያለ ግብር የለም። ዘመቻ ሲጠራ ያልዘመተ፣ ግብር ሲጠየቅ ያልገበረ ሰው ቆጠራው ቢቀናለትም አንገቱን ደፍቶ ነው የሚናገረው። የሀርለም የቤት ሠራተኞች፣ አሳንሰር አንቀሳቃሾችና ሊስትሮዎች በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ከሌላቸው ላይ ሳንቲም እያወጡ ለኢትዮጵያ ቁስለኛ መድኃኒት ገዝተዋል። ግብሩን አስቀድመው ገብረው ኋላ ርስቱን የጠየቁ ሰዎች ናቸው። መላኩ ከኛ ባለሥልጣኖች መካከል ይህን አይተው አቤቱታቸውን የተቀበሉ ሰው ናቸው።

የሚጎረብጠውን ነገር ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም። እነዚህ የባሪያ ልጅ ልጆች ደማቸውን ሊሰጡላት የቋመጡላት አገር ራሷ ባርነትን ገና አላጠፋችም ነበር። በ1916 ዓ.ም. እና በ1923 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት ያለሙ ነበሩ፤ ፈጽሞ የሻረው አዋጅ ቁጥር 22 የታወጀው በ1934 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ጄኔቫ ላይ ያቀረበችብን አንዱ ክስ ይኸው ነበር። ክሱ የወራሪ ሰበብ መሆኑ ውሸት አያደርገውም። የአሜሪካ ጥቁር ጋዜጦችም ይህን አያውቁም አልነበረም፤ ያውቁ ነበር፣ ሰበቡን ከእውነቱ ለይተው ያዩ ነበር። መላኩ ያደጉበትን ግቢ የሚያውቁ ሰው በመሆናቸው ይህ ጥያቄ ሲነሳ ምን ይሰማቸው እንደነበር መገመት ብቻ ነው የምችለው።

ሀርለም ውስጥ መዋጮ በሚሰበሰብበት በዚያው ዘመን የኛ ደጋ በእሳት ውስጥ ነበር። መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች መናኸሪያ ነበሩ። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ዘረት በተባለው ቦታ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉትን አርበኞች፣ ሴቶችና ሕፃናት የጣሊያን ጦር በመርዝ ጋዝ አፍኖ ፈጅቷል፤ ከዋሻው የወጡትንም ረሽኗል። ሟቾቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ሰነዱን ከመዝገብ ቤት፣ አጽሙን ከዋሻው አገናኝቶ ለዓለም እስኪያሳውቅ ድረስ ወሬው ከአካባቢው ሽማግሌዎች አፍ ብዙም አልወጣም ነበር። ያኔ ዓለም ለኢትዮጵያ ጆሮ አልነበረውም። እንግሊዝና ፈረንሳይ የጣሊያንን ግዛት አውቀው ተቀምጠዋል፤ ጋዜጦቹ ወደ ሌላ ወሬ ዞረዋል። ኢትዮጵያ የምትባል አገር አለች፣ አልተሸነፈችም የሚለው ነገር በየሳምንቱ ይታተም ከነበረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የመላኩ ጋዜጣ ነው።

ሥራው ጎዳቸው። ገንዘብ አልነበረም፤ ጤናቸውም ተቃወሰ። በክረምት ብርድ የሀርለምን ደረጃ እየወጡና እየወረዱ በር ሲያንኳኩ የያዛቸው የሳንባ ምች አልለቀቃቸውም። ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ዓመታቸው አረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ድል አድርገው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ልዩነቱ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን።

ፌዴሬሽኑ ከእሳቸው በኋላ ተከፋፈለ፤ ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ ተካሰሱ። የተከለው ነገር ግን አልደረቀም። ለጥቁር ሕዝብ ጉዳይ ባሕር ማዶ ድረስ መሰለፍን፣ የግዢ አድማን፣ ከቤተ ክርስቲያን ተነስቶ ሕዝብን ማደራጀትን አንድ ትውልድ የተለማመደው በኢትዮጵያ ጉዳይ ነው፤ የሀምሳዎቹና የስልሳዎቹ የሲቪል መብት ትግል ሲነሳ እነዚያ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ። ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ሀርለም ሄደው አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንን ተሳልመው መስቀል አበርክተዋል። መላኩ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር። ሻሸመኔ ላይ አምስት ጋሻ መሬት ለዚሁ ፌዴሬሽን አባላት ተሰጠ፤ ወሬው ጃማይካ ሲደርስ የራስ ተፈሪያኑን የመመለስ ተስፋ አቀጣጠለ። ጃማይካ ያለው ቅርንጫፍ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሡ ኪንግስተን ሲያርፉ በዝናብ ውስጥ ቆሞ ከጠበቃቸው ሕዝብ ጋር ነበር።

መሬቱ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ እንደማንኛውም የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ። ሰዎቹ ግን ቀሩ። ልጅ ወለዱ፣ ልጆቻቸውም ወለዱ፤ አማርኛም ኦሮምኛም የሚናገሩ፣ ሌላ አገር የማያውቁ፣ ግን ዜጋ ያልሆኑ ሰዎች ሆኑ። የዜግነት አዋጃችን የሚመለከተው የአባትና የእናትን ዜግነት ነው። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መብት የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 270/1994ም ከወላጅ፣ ከአያት ወይም ከቅድመ አያት አንዱ ኢትዮጵያዊ እንዲሆን ይጠይቃል። ከመንዝ ርስት ይልቅ የሚቆጥረው እንኳ ያነሰ ነው። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ለራስ ተፈሪያኑ፣ ለቤተ እስራኤላውያንና ለአገሪቱ አስተዋጽኦ ላደረጉ ሌሎች የውጭ ዜጎች ልዩ መታወቂያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። መታወቂያው የተሰጠው ሰው ያለ መኖሪያ ፈቃድ በኢትዮጵያ መኖር ይችላል። በምርጫ ድምፅ መስጠት ግን አይችልም።